ያልመጣ እንደተስማማ ይቆጠራል

ጥቅምት 8

ለእትዬ፣ ለአባቴ ታላቅ እህት፣

ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ በርዎን ያንኳኳ። ጉልበትዎ ደረጃውን ይቻለው፤ መነጽርዎም በተፈለገ ጊዜ ይገኝልዎ። እኔ ደብዳቤዎ እስከደረሰኝ ሰዓት ድረስ ደህና ነበርኩ።

ነገሩ የተበላሸው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። እንዲህ ብለው ጽፈውልኛል፦ «ጭራ በወንበርሽ ተቀምጣ፣ ልክ እንዳንቺ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ‹ክፍሌን ለሙሽሮቹ ሰጥቻለሁ፤ እኔ እዚህ ሆኜ ምን ያደርግልኛል!› ስትል ሁላችንም በሳቅ ፈነዳን። እንኳን ደስ ያለሽ፣ ነገሩ በሰላም አለቀ።»

ይህን ያነበብኩት እዚህ ባዕድ አገር የምኖርበትን ቤት በር ግማሽ ከፍቼ ነው። በሩ ቁልፍ ብቻውን አይበቃውም። ቁልፉን ካዞሩ በኋላ እጀታውን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ልጅ በጎኗ እንደታቀፈች ሴት ዳሌ ሰጥቶ መግፋት ነው። እኔ ዳሌዬን ሰጥቼ፣ ፖስታውን በጥርሴ ቀድጄ እዚያው ቀረሁ። ከኋላዬ ጎረቤቴ ፒያኖ አስተካካዩ የገበያ ዘንቢሉን ታቅፎ ቆሟል። «ወይ ግቢ ወይ ውጪ፤ ብርዱ እንደሆነ ከሁላችን ቀድሞ ገብቷል» አለኝ። አልገባሁም፤ አልወጣሁም። ልቤ እስካሁን እዚያው በር ላይ ነው።

እትዬ፣ ሙሽራዋ ማን ናት? ጭራ አይደለችም? ከልጅነቷ ጀምራ ከኋላዬ ስትከተል ስሙን ያተረፈችው የእርስዎ የመጨረሻ ልጅ? እንግዲያው በእኔ ድምፅ ሰጪዋም እሷ፣ ተቀባይዋም እሷ ናት። እንዲህ ያለ ዳኛ ለእኔም በተገኘልኝ!

ጨዋታውን አልረሳሁትም። እንዴት እረሳለሁ? ያመጣው አባቴ ነው። ገበታ ላይ አንድ ሰው ሲጎድል ሌላው በወንበሩ ይቀመጥና በእሱ ድምፅ፣ በእሱ አመል ያወራል። አጎቴ ሲጎድል ወንበሩ ስለ ጨው ያማርራል። እርስዎ ሲጎድሉ ወንበርዎ «እጃችሁን አሳዩ፤ ጥፍር!» ይለናል። የጎደለው ሰው ሲመለስ የተባለውን ሁሉ ይሰማና «እኔ መቼ ነው እንዲህ የምለው?» ብሎ ይቆጣል። አለመረሳቱን የሚያውቀው በዚያ ነበር። ጨዋታውን ለዚህ ቤት ሰዎች ሳይቀር አስተምሬያቸዋለሁ፤ ለምን ቢሉ፣ ሳስተምራቸው ቤታችን ትንሽ ቀረብ ስለሚልልኝ።

ይህ ቤት አሮጌ ነው፤ ከነዋሪዎቹ ሁሉ በላይ አመል አለው። ምድር ቤቱን አሮጊቷ ባለቤት ይዛዋለች። ከሷ በላይ ፒያኖ አስተካካዩና ነርሷ አሉ። ከዚያ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ላይ የሚያሳልፈው የመርከብ አብሳይ፤ ከጎኑ፣ ከዚያው ከጣሪያው ሥር ደግሞ እኔ። ከእኛ በፊት የነበረ ሰው አንድ ግድግዳ ገፍቶ ስላዛወረ፣ የኮሪደሩ መብራት ማብሪያ ነርሷ ክፍል ውስጥ ቀርቷል። ሲመሽ በሯን አንኳኩተን «እባክሽ ብርሃን» እንላለን። መታጠቢያ ቤቱ መቀርቀሪያ የለውም፤ ስለዚህ የሚታጠብ ሰው እንዳይገባበት ይዘፍናል። ነርሷ መዝፈን ስለማትችል የማባዣ ሠንጠረዥ ትቆጥራለች። እኔ የእኛን ቤት ዘፈኖች እዘፍናለሁ፤ ፒያኖ አስተካካዩ ከግድግዳው ማዶ ሆኖ «ግማሽ ድምፅ ወርደሻል!» ይለኛል።

ይህን ሁሉ የምነግርዎ ቁጣዬን ለማለስለስ አይደለም። በዚህ ቤት አመል ሁሉ እየሳቅኩ የምኖረው አንድ ሌላ አሮጌ ቤት ውስጥ የእኔ የሆነ ክፍል አለ ብዬ ስለማምን መሆኑን እንዲያውቁልኝ ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ ያደግኩበት፣ አባቴ ሲሞት ቁልፉን በእጄ ያስጨበጠኝ ክፍል ነው። ስልክ ያልደወልኩትም ስልክ ላይ እርስዎ ስለሚያሸንፉኝ ነው። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነው ስንት ሺህ ተማሪ ያሰለፉበት ድምፅ «አንቺ ልጅ!» ሲለኝ አፌ ይዘጋል። ወረቀት ላይ ግን እኩል ነን።

የጠየቀኝ የለም፤ የሰጠሁትም የለም። ጉዳዩን እስክንነጋገር ድረስ አባቴ በቀለም የሸፈነውን ግድግዳ ማንም እንዳይነካ።

የወንድምዎ ልጅ፣
መርፌ


ኅዳር 24

ለልጄ ለመርፌ፣

የቆምሽበት ምድር ይደላሽ፤ የበላሽው ይስማማሽ፤ ክፉ ዓይን አንቺን ሲፈልግ መንገድ ይጥፋው። ዘገየሁ፤ ጉልበቴ ነው። ጉልበቴ ሲሻለው ደግሞ የሠርግ ወሬ ነው።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በመጀመሪያው ተቆጣሁ፤ በሁለተኛው ሳቅኩ። ብርሃን ከነርስ መለመን! እኛ ቤት መብራት ሲጠፋ የምንለምነው አጥተን ነበር፤ አንቺስ በር አለሽ። ያ ሰውዬ ግን ግማሽ ድምፅ ወርደሻል ማለቱ እውነቱን ነው፤ አባትሽም እንደዚያው ነበር። ሲዘፍን ጎረቤት መስኮት ይዘጋል።

አሁን ወደ ነገሩ። አባትሽ መርፌ ያለሽ በከንቱ አይደለም፤ ቀጥነሽ ትወጊያለሽ። ግን ልጄ፣ ሰው የማያድርበት ክፍል አይጥ ይወልዳል። ቆልፈሽው ከሄድሽ ወዲህ በሩን ከፍቼ አቧራ የምጠርገው እኔ ነኝ፤ በዚህ ጉልበት። ስትመጪ የት ላድር ብለሽ እንደሆነ እኔ ዘንድ ነው፤ አልጋዬ ሰፊ ነው፣ እኔም እያነስኩ ነው። ጭራን ደግሞ ታውቂያታለሽ። ቤት ተከራይታ ከእኔ ልትርቅ ነበር። ልጅ ስታገባ ቤት ይሰፋል እንጂ ቤት ይጎድላል?

አልተጠየቅኩም ትያለሽ። ስብሰባ አደረግን። አጎትሽ ነበረ፣ ሚስቱ ነበረች፣ ሁሉም ነበረ። ዳይሬክተር በነበርኩበት ዘመን ሁሉ አንድ ሕግ ነበረኝ፤ ያልመጣ እንደተስማማ ይቆጠራል። ያ ሕግ ባይኖር አንድም ትምህርት ቤት ጣሪያ አያገኝም ነበር። እኔ ግን ለአንቺ ከሕጉም በላይ አደረግኩ። ወንበርሽ ባዶ እንዳይሆን ሰው አስቀመጥኩበት። በሌሎቹ ስብሰባዎች ለቀሩት ይህን አላደረግኩም።

አባትሽ ለአንቺ ብቻ አባት አይደለም። ለእኔ ታናሼ ነው፤ አፍንጫውን የጠረግኩለት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብሩሽ የገዛሁለት እኔ ነኝ። አንቺ ብቻ እንደምታስታውሽው አታድርጊው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እዚያ ጥሩ የመጋረጃ ጨርቅ አለ ይላሉ። መስኮቶቹ ሁለት ናቸው፣ ጎን ለጎን፤ በአንድ ዘንግ የሚሰቀል ነው የምንፈልገው። ከጥግ እስከ ጥግ ሰባት ሜትር ከግማሽ። ቀለሙ የእንቁላል አስኳል ዓይነት ቢሆን ትወዳለች።

ሥራሽ ይቅናሽ፤ አለቃሽ በበጎ ዓይን ይይሽ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 9

ለእትዬ፣

ምርቃትዎ ደርሶኛል፤ አሜን ብዬዋለሁ። ለጉልበትዎ ሙቅ ፎጣ ያድርጉ፤ ነርሷ ናት ያለችኝ፤ «ደረጃውን ስትወርድ ወደ ጎን ትውረድ» ብላለች።

ሰባት ሜትር ከግማሽ።

እትዬ፣ ሕንፃ መሳል ተምሬያለሁ። ለመመረቂያዬ የሳልኩት ደግሞ የእኛን ቤት ነው፤ እያንዳንዷን ጥግ በሜትር ለክቼ፣ እርስዎ የሜትሩን ሌላ ጫፍ ይዘውልኝ። በዚያ ቤት ሰባት ሜትር ከግማሽ የሚሆን ግድግዳ የለም። የአባቴ ክፍል ሦስት ሜትር ከሰባ ነው። የጎኑ ጓዳ ሦስት ሜትር ከስልሳ አምስት። መሐላቸው ያለው ግድግዳ ዐሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር። ይደምሩት። የፈረሰውን ግድግዳ ውፍረት ሳይቀር ለክተው መጋረጃ አዘዙኝ።

ሁለት ቀን ሥራ ላይ መስመር አላሰመርኩም። አለቃዬ «አሞሻል?» ሲለኝ፣ «ቤቴን ነው ያመመው» አልኩት።

ያ ግድግዳ ምን እንደነበር እርስዎ ያውቃሉ። አባቴ የሱቅ ማስታወቂያ የሚጽፍ ሰው ነበር። ብሩሹን ከጣሳው ሲያወጣ መጀመሪያ የሚሞክረው እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ቀለሙ ቀጠነ? እዚያ። ብሩሹ ጸጉሩ ተበተነ? እዚያ። በሱ ዕድሜ ሁሉ ያ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ ተሸፈነ፤ ቀዩ በሰማያዊ ላይ፣ ሰማያዊው በአረንጓዴ ላይ። ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ ነው። የሱቁን ስም የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ይጽፍና «ይህ ሱቅ ምን ይሸጣል?» ይለኛል። ጸ ሲጽፍ «ጸጉር ቤት!» እላለሁ፤ ዳ ሲጽፍ «ዳቦ!» አንድ ቀን ዝ ጻፈ። አሰብኩ፣ አሰብኩና «ዝንብ!» አልኩ። ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። «ዝንብ ቤት! በርግጥ ደንበኛው በነፃ ይገባል» አለ፤ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ብሩሹ ሲወድቅ የተወው አረንጓዴ ጠብታ ወለሉ ላይ ለዓመታት ነበር። እሱንስ ፈገፈጋችሁት?

ጨዋታውን ደግሞ ለእርስዎ ላስታውስዎ ግድ ሆነብኝ። እዚህ የመርከቡ አብሳይ ክፍል ላይ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። ባለቤቲቱ የሰውዬውን ቁምሳጥን ወደ ምድር ቤት አውርዳ ክፍሉን ልብስ ማጠቢያ ልታደርገው አሰበች። ሁላችንም ወጥ ቤቱ ውስጥ ባለው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠናል። ነርሷ በአብሳዩ ወንበር ተቀምጣ፣ እኔ ባስተማርኳት መንገድ፣ ወፍራም ድምፁን እያወጣች ነው። «ይህን ሾርባ ማን ሠራው? ለጠላት መርከብ እንኳ አልሰጠውም!» እየሳቅን ሳለ ባለቤቲቱ ወደ ወንበሩ ዞር አለችና «እንግዲህ ቁምሳጥንህን እናውርደው?» አለች።

ነርሷ አፏን ከፈተች። ከዚያ ተነሣች። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ገፋ አድርጋ የራሷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ይህን እሱ ይመልስ» አለች፤ በራሷ ድምፅ።

«እሱ እኮ ባሕር ላይ ነው!»

«ታዲያ እንጠብቀዋ። ባልዲ የለም?»

ባልዲ አለ። አሁን በየተራ እየደፋን ነው። ዝናብ ባለ ቀን የኔ ተራ ሲሆን እራገማለሁ፤ ግን እደፋለሁ። ነርሷን ይህን ያስተማራት የለም። እኔም አላስተማርኳትም፤ አባቴ ጨዋታውን ሲያሳየኝ ደንብ ብሎ የነገረኝ ነገር የለም። ግን ያደረገውን አይቻለሁ። እርስዎ ለሥልጠና ሄደው ሳሉ አንድ ቀን በወንበርዎ ተቀምጦ ጥፍራችንን ሲመረምር፣ የአጎቴ ሚስት «እንግዲህ ትልቁን ምንጣፍሽን ወደ እኛ ሳሎን እንውሰደው?» ብላ ጠየቀችው። አባቴ ተነሣ። «እትዬ ስትመጣ ራሷ ትጠየቅ» አለ። ምንጣፉ ካለበት ሳይነሣ ቀረ። ይህን ማንም ነግሮዎት አያውቅም ይሆናል፤ ስለዚህ እኔ እየነገርኩዎ ነው።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ጭራ በወንበሬ ተቀምጣ እሺ ያለች ዕለት ግድግዳው ቆሞ ነበር ወይስ ፈርሶ?

መርፌ


ጥር 30

ለልጄ፣

ጤና ያብዛልሽ፤ ደስታ ከደጅሽ አይራቅ። እኛ ደህና ነን። ወደ ጎን መውረዱ ሠራ፤ ነርሷን አመስግኚልኝ። የጎረቤታችን ውሻ ስድስት ወለደች፤ አንዱ ልክ አጎትሽን ይመስላል፣ በምግብ ሰዓት ብቻ ይነቃል።

ሠርጉ የካቲት መጨረሻ ላይ ተቆርጧል። መጋረጃውን ተዪው፤ እዚሁ አገኘን። አሁን የምፈልግብሽ ሁለት መስመር ብቻ ነው። «ደስ ብሎኛል፤ ክፍሉ ይባረክላችሁ» ብለሽ ለጭራ ጻፊላት። ሰው እየጠየቀ ነው። ሁለት መስመር ጣት አያሳምም።

አክስትሽ


የካቲት 5

ለእትዬ፣

ጤናዎ ይብዛ። ለውሻዋም እንኳን ማርያም ማረሽ ይበሉልኝ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ዕለት ስታጠብ መዝፈን ረሳሁ። ፒያኖ አስተካካዩ ማንም የለም ብሎ በሩን ከፈተው። እሱ ጮኸ፣ እኔ ጮህኩ፤ ባለቤቲቱ ከምድር ቤት እሳት ተነሣ ብላ ጮኸች። በኋላ በተዘጋው በር ማዶ ቆሞ ረጅም ይቅርታ ጠየቀና «ዝም ካልሽ ግን አንድ ነገር ሆነሻል ማለት ነው» አለኝ። ከእኔ ጋር አንድ ዓመት የኖረ ባዕድ ሰው ዝምታዬን ሲሰማ ምን ሆንሽ ብሎ ይጠይቃል። የሥጋ ዘመዶቼ ዝምታዬን ሲሰሙ መዶሻ ያነሣሉ።

ሁለት መስመሩን አልጻፍኩም። የእርስዎ መልስ አንድ ቃል ነው፤ እሱም ጣት አያሳምም። ቆሞ ወይስ ፈርሶ?

መርፌ


የካቲት 14

ፈርሶ።

ሰላምታውን ከታች ታገኚዋለሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰላምታ ሳላስቀድም ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ካስቀደምኩት ጀርባው እንደምደበቅ አወቅኩ።

ከስብሰባው አንድ ሳምንት በፊት ነው የፈረሰው። የሙሽራው ወገኖች ቤት ሊያዩ ይመጣሉ ተባለ። የአባትሽ ክፍል ጠባብ ነው፤ ጓዳውም ጠባብ ነው። «ልጃችንን ቁምሳጥን ውስጥ ልታስቀምጡት ነው?» እንዳይሉ ፈራሁ። ግንበኛው በዚያ ሳምንት ሥራ ፈትቶ ነበር። ለአንቺ ልጻፍ ብዬ ወረቀት አወጣሁ። «ለልጄ» ብዬ ጀመርኩና ቀጣዩ ቃል አልመጣልኝም። ለአንቺ ከመጻፍ ግድግዳ ማፍረስ ቀለለኝ። ልጄ፣ እውነቱ ይኸው ነው።

ከዚያ አቧራው ሳይረግፍ ሰዎቹን ሰበሰብኩ። ሁሉም አየ፤ ማንም ምንም አላለም። ዝምታው ከበደኝ። ጭራን «በወንበሯ ተቀመጪ» ያልኳት እኔ ነኝ። ስንስቅ ቀለለኝ። አባትሽ ያን ጨዋታ ያመጣው ለዚህ አልነበረም፤ ይህን ሳልነግርሽም ታውቂዋለሽ።

የምንጣፉን ነገር አልሰማሁም ነበር። ማንም አልነገረኝም። ይህን የምጽፈው እሱ ምንጣፍ ላይ እግሬን ዘርግቼ ነው። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ጫማዬን አውልቄ ነው የምረግጠው።

እንግዲህ የፈረሰ አይመለስም። አንቺም ይህን ታውቂያለሽ፤ የተማርሽው እሱን ነው። ስለዚህ አንድ ነገር አሰብኩ። በሠርጉ ቀን ወንበርሽን ከፊት፣ ከእኔ ቀጥሎ አስቀምጠዋለሁ። ምርቃቱ ሲደርስ እኔ ራሴ ሄጄ እቀመጥበታለሁ። አንቺን ሆኜ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ይቅር ብያለሁ፤ በክፍሌ ልጅ ይወለድበት» እላለሁ። የሚያላግጥ አይኖርም፤ በክብር ነው። ከሁላችንም ልብ ላይ ድንጋይ ይነሣል። ሠርጉ የካቲት 28 ነው። እስከዚያ ካልጻፍሽልኝ ተስማምታለች ብዬ እወስደዋለሁ።

ሰላምታዬ ይኸው፤ ከእግርሽ እስከ ራስሽ ያግኝሽ። ናፍቀሽኛል። ይህን ለመታረቅ ብዬ አይደለም የጻፍኩት፤ ስለናፈቅሽኝ ነው።

አክስትሽ

እህቴ፣ እኔ ነኝ፣ ጭራ። እማዬ ፖስታውን ከመለጠፏ በፊት ሰርቄ ነው የምጽፈው። ድምፅሽን ሳወጣ ሰው ሲስቅልኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽሽም። ከልጅነቴ ጀምሮ አንቺን መሆን እፈልግ አልነበር? ማታ ተኝቼ ግን የገዛ ድምፄ አስጠላኝ። ግንበኛው መዶሻውን አንሥቶ «ይህ ሥዕል ነው ወይስ ቆሻሻ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። እማዬ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ያልተቃወመ ተስማማ ብሎ መታው። ምን ላድርግ፤ ንገሪኝ። እማዬ ትንገረኝ አልልሽም፤ አንቺ ንገሪኝ።


የካቲት 19

ለእትዬ፣ ለአባቴ ታላቅ እህት፣

ሰላምታዬ ሙሉ ነው፤ ቁጣዬ አልቀነሰውም። ይህን ደብዳቤ ከሠርጉ በፊት እንዲደርስ በፈጣኑ መልእክት ልኬዋለሁ።

«ፈርሶ» ስላሉኝ አመሰግንዎታለሁ። ቃሏን ደረጃው ላይ ተቀምጬ አነበብኳት። አለቀስኩ። ነርሷ በሯን ከፍታ አየችኝና ምንም ሳትጠይቀኝ የኮሪደሩን መብራት አበራችልኝ፤ በሯን ሳትዘጋው ተመልሳ ገባች። እዚያ ብርሃን ውስጥ ቤታችንን ከዳር እስከ ዳር በሐሳቤ ዞርኩት። ዓይኔን ጨፍኜ የጓዳውን በር ድምፅ ለመስማት ሞከርኩ፤ መጣልኝ። የጠዋቱን የጫማዎን ድምፅ ከኮሪደሩ ጫፍ ሰማሁት፤ ስናረፍድ የሚያስነሣንን ያን ችኩል እርምጃ። የአባቴን ሳል ለመስማት ስሞክር ግን ከየት ጀምሬ እንደምሰማው ጠፋኝ። ሁልጊዜ ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ነበር የሚመጣው። እትዬ፣ ያፈረሱት ጡብ ብቻ አይደለም፤ ይህን ለማስከፋት አልጻፍኩትም፤ ምን እንደፈረሰ ከእኔ ሌላ የሚነግርዎ ስለሌለ ነው።

እርስዎም እንዳዘኑ አውቃለሁ። የመጀመሪያውን ብሩሽ የገዙለት እርስዎ ነዎት፤ ያን ከእርስዎ የምወስደው ነገር አይደለም። ጫማዎን አውልቀው ምንጣፉን እንደሚረግጡ ሳነብ ልቤ ወደ እርስዎ ሄዷል። ሄዶም እዚያው ቁጭ ብሏል። ግን ልቤ ሄደ ማለት አፌን ሰጠሁ ማለት አይደለም።

ለጭራ ይህን ያንብቡላት፤ ወይም ትስረቀው፤ ለምዳዋለች። ጭራዬ፣ ንገሪኝ ስላልሽኝ እነግርሻለሁ። አግቢ። የምትወጂው ሰው ነው፤ ደስ ብሎኛል፤ ይህን ማንም ሳያስገድደኝ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። በሠርግሽ ማግሥት ሻንጣሽን ይዘሽ ውጪ አልልሽም፤ ግቢ፣ እደሪበት። ግን ክፍሉን ሰጥቼሻለሁ አላልኩም፤ አልልምም። የአባቴ ክፍል የእኔ ነው። የጓዳው ወገን የእናትሽ ነው። በክረምቱ ፈቃድ እወስዳለሁ፤ እመጣለሁ። አንቺ፣ ባልሽና እኔ እዚያ የፈረሰ ግድግዳ መሐል ቆመን እንነጋገራለን። ምናልባት ግድግዳው ይመለስ እል ይሆናል፤ ምናልባት ኑሩበት እል ይሆናል። ዛሬ አላውቀውም። ያላወቅኩትን ነገር ደግሞ በእኔ ፋንታ ማንም አውቆ እንዲናገርልኝ አልፈልግም። እኔን መሆን ከፈለግሽ ሌላ ጊዜ ድምፄን ከማስመሰልሽ በፊት ደውዪልኝ፤ አንቺ ስልክ ላይ አታሸንፊኝም።

እትዬ፣ አሁን ለእርስዎ። ስለ ወንበሩ የጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ግድግዳዬን ሳይጠይቁኝ አፈረሱ፤ እሺታዬን ሳይጠይቁኝ አስነገሩ፤ አሁን ደግሞ ይቅርታዬን ሳይጠይቁኝ ሊሰጡት ነው፤ ለራስዎ። ከበዳይ አፍ የሚወጣ የተበዳይ ይቅርታ! በክብር ይሆናል ይላሉ። ከሳቁ ይልቅ ክብሩ ነው ያስፈራኝ። በሳቅ የተባለውን «እየተጫወቱ ነው» ብዬ ልክደው እችላለሁ፤ ሰው ሁሉ ቆሞ አሜን ያለበትን ግን በምን አፌ እክደዋለሁ? መጥቼ ሳኩርፍ «ይቅር ብለሽ አልነበር?» ሊሉኝ ነው።

ይቅር ማለት እፈልግ ይሆናል። ይህንንም አልደብቅዎትም፤ ብዙ ቀን ልቤ ወደዚያ ያዘነብላል፤ በተለይ ጠዋት ጠዋት። ግን የሚመጣ ከሆነ በእኔ እግር፣ በእኔ ጊዜ፣ እርስዎ ፊት ይመጣል። ፊትዎን ሳላይ የምሰጠው ይቅርታ የለኝም።

በሠርጉ ቀን ለእኔ ወንበር አያስቀምጡ። ሰው «የት ናት?» ብሎ ከጠየቀ «አልመጣችም» ይበሉ። «ምን አለች?» ብሎ ከጠየቀ «እሷን ጠይቋት» ይበሉ። ምርቃቱን በራስዎ ድምፅ ይመርቁ፤ የእርስዎ ምርቃት ለልጅዎ ይበቃታል፤ ለእኔም ዕድሜዬን ሙሉ በቅቶኛል።

ያልመጣ እንደተስማማ የሚቆጠርበት ሕግ ለትምህርት ቤት ጣሪያ ጠቅሞ ይሆናል። በእኔ ላይ ግን ከዛሬ ጀምሮ አይሠራም። በሌለሁበት እሺ መባልን አልቀበልም፤ ጨዋታ ነበር መባልንም አልቀበልም። ውጭ ያለ ሰው ምን ያደርግለታል ተብሎ የእኔ የሆነ ነገር ሲሰጥ አልቀበልም። ዝም ካልኩ ዝም ብያለሁ ማለት ብቻ ነው፤ ሌላ ትርጉም አልቀበልም።

የወንድምዎ ልጅ